ከሰልቫጅ ተፈትቶ የተሠራ ሹራብ፦ የአንድ ክረምት የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ መጨረሻ

ልጄ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ይገባል። ትምህርት ቤቱ በሰጠን ዝርዝር ላይ «ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ» የሚል አለ። አምና የገዛሁለት ገና ጥር ሳያልቅ ብብቱ ሥር ኳስ ኳስ አወጣ። እጅጌውም በታጠበ ቁጥር እየተለጠጠ ጣቶቹን ሸፈነው። ዘንድሮ ራሴ ልሠራለት ነው። ሹራብ መሥራት ግን አልችልም። ደግነቱ ክረምቱ ረጅም ነው።

ጭራሽ ባዶዬን አይደለሁም። እናቴ ዳንቴል ትሠራ ነበር። የሬዲዮ ልብስ፣ የሶፋ ልብስ፣ የቴሌቪዥን ልብስ፤ ቤታችን ውስጥ ልብስ ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ኪሮሽ አያያዝ ያወቅኩት ከእሷ ነው። በዳንቴል ግን ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ትተውት ቢነሱ የሚያመልጠው እሱ ብቻ ነው። ሹራብ ላይ መቶ ቀለበት ካለ መቶውም መርፌው ላይ ክፍት ሆነው ይጠብቃሉ። የሚያስፈራው እሱ ነው።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከአያት አለፍ ብሎ፣ ለገጣፎ አጠገብ። ሰፈሩ ሜዳ ስለሆነ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም፤ በደረጃው በኩል እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። እዚህ ሹራብ የተማሪ ዩኒፎርም ብቻ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ቤት ውስጥም አይወልቅም።

አስተማሪ ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። የብሎካችን የሌሊት ጥበቃ ቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ኮፍያ ሲሠሩ ያድራሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሆነው በግ ሲጠብቁ ነው የለመዱት። የሚሠሩባቸው አምስት መርፌዎች ከብስክሌት ጎማ ሽቦ የተቆረጡ፣ ጫፋቸው በድንጋይ የተሳለ ናቸው።

«ጋሼ፣ እኔንም ያስተምሩኛል?»

«የአቡሽ እናት፣ መርካቶ ሞልቶ የለም እንዴ? ምን አስቸገረሽ?»

«የመርካቶው ዓመት አይሞላም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ከዚያ ነጭ ክር ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። ጥቁር ሰማያዊ አይሆንም ወይ ስላቸው ሳቁ። ጥቁር ክር ላይ ቀለበቱ አይለይም። መብራት በየምሽቱ በሚሄድበት ሰፈር ደግሞ ጭራሽ።

ሐምሌ መጀመሪያ

ጋሼ ሽቦዎቻቸውን አላስነኩኝም። ውፍረታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በቀጭን መርፌ የጀመረ ሰው ሥራው አልገፋ ብሎት ይተዋል ይላሉ። ከቀርከሃ ሁለት ወፍራም መርፌ ጠረቡልኝ። እኔ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው፣ ከዚያ ሻማ አሸሁባቸው። ሻማው ቀልድ ይመስላል፤ ክሩ ግን ሳይያዝ መንሸራተት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ክሩ አክሪሊክ ነው። ዚፕና ቁልፍ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ። ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ተፈትቶ ተሠርቶ ተፈትቶ አይሰለችም። ለብርድ ግን ሱፍን አይተካም። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ያሞቃል፤ አክሪሊክ አይሆንለትም።

ጋሼ እንደሚሉት በሹራብ ሥራ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው። ክሩ ከሥራው ኋላ ሆኖ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ከገባ «ቀጥ» ነው። ክሩ ከፊት ሆኖ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ከገባ «ግልብጥ» ነው። ያንዱ ጀርባ ሌላው ነው። ቀጥ አድርገው የሠሩት ቀለበት ሥራው ሲገለበጥ ግልብጥ ሆኖ ይታያል። ኬብሉ፣ ሰንሰለቱ፣ ሌላ ሌላው ጌጥ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ነው የሚወጣው።

እጄ ቶሎ ለመደ፤ ዓይኔ ነው የዘገየው። ጋሼ ግን የሚያስተምሩት ዓይን ነው። ሥራዬን ቀምተው አንዱን ቀለበት በጥፍራቸው ይነኩና «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ። ወደ ታች የሾለ እንደሆነ ቀጥ። አግድም ጉብታ ከሆነ ግልብጥ። ይህን ካወቅኩ በኋላ የት እንደደረስኩ መቁጠር ተውኩ። ጨርቁ ራሱ ይናገራል።

ሌላው የገባኝ የጠርዝ ነገር ነው። ፊቱን በሙሉ ቀጥ፣ ጀርባውን በሙሉ ግልብጥ አድርገው ሲሠሩ ጨርቁ ይጠቀለላል፤ ታችና ላዩ ወደ ፊት፣ ግራና ቀኙ ወደ ኋላ። ሰው ክሩ ጠብቆ ነው ብሎ ያላላዋል። አይረዳም። በአንድ ፊት ላይ ያሉት ቀለበቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚስቡ ነው። ሁለት ቀጥ፣ ሁለት ግልብጥ እያደረጉ ሲያፈራርቁ ስበቱ እኩል ይሆንና ጠርዙ ተኝቶ ይቀራል። የሹራብ ወገብና የእጅጌ ጫፍ ሽንትር ሽንትር የሚሆነው ለማሳመር ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ፣ ከገብርኤል በኋላ

ኮፍያ አልቋል። ለልጄ ነው፣ ነጭ። ሁለት ቀን ሳይሞላው ግራጫ ሆኗል።

የኮፍያው ሒሳብ ቀላል ነው። የራሱ ዙሪያ 52 ሳንቲ ሜትር ነው። ሹራብ ስለሚለጠጥ ኮፍያ ከራስ በአሥር በመቶ ገደማ ያንሳል፤ 47 ሳንቲ ይበቃል። ጋሼ ሜትር አያውቁም። ክር ራሱ ላይ ጠምጥመው፣ ጫፎቹን ካገናኙ በኋላ ሁለት ጣት አሳጥረው ይቆርጣሉ። ክሩን ስለካው 48 ሆነ። ዝም አልኩ።

ሥራ ቦታዬ መሃል ከተማ ነው። ከአባዶ መገናኛ ለመድረስ ያለውን ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድሮ ሰልፉ ላይ ስልኬን እየነካካሁ ነበር የምቆመው። አሁን ክሩን ከቦርሳዬ ሳላወጣ፣ መርፌዎቹን ብቻ ይዤ እሠራለሁ። አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ ካገኘሁ ደግሞ ጥሩ ይገፋል። ረዳቱ ሳይቀር አወቀኝ፤ «ሹራቤ የት ደረሰ?» ይለኛል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ትሸጪዋለሽ?» አልሸጥም ስል አያምኑም። ቢዝነስ አድርጊው፣ ገጽ ክፈቺ፣ ልጆች ቀጥሪ። ምክሩ ከልብ ነው፤ አመሰግናለሁ። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በእጅ የተሠራ ሹራብ ሰዓቱ ከታሰበ ማንም በማይገዛው ዋጋ ነው የሚወጣው። ሰዓቱ ካልታሰበ ደግሞ ሠራተኛዋ ነች የምትከስረው። ባይሸጥ ይሻላል።

ቀለበት ሲያመልጥ የሚደረገውንም እዚሁ አውቶቡስ ውስጥ ተማርኩት። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ መርፌው ከግማሽ በላይ ወጣ፣ አንዱ ቀለበት ስድስት ረድፍ ወረደ። ከላይ እስከ ታች መሰላል ሠራ። የእናቴ ኪሮሽ እዚህ ላይ ነው የጠቀመኝ። የታችኛውን ቀለበት በኪሮሹ ይዞ የመሰላሉን መረማመጃዎች አንድ በአንድ በቀለበቱ ውስጥ እየጎተቱ መውጣት ነው። መገናኛ ሳንደርስ ምልክቱ ጠፋ። ከዚያ ቀን በኋላ መቶ ክፍት ቀለበት አያስፈራኝም።

ነሐሴ፣ ፍልሰታ

ዋናው ሥራ ተጀመረ። ጥያቄው የክር ነበር። ጥሩ የሱፍ ክር አዲስ ገዝቶ መሥራት ለኪሴ አይመችም። ጋሼን «የመንዝ ሱፍስ?» አልኳቸው። የአገራችን በግ አብዛኛው አጭር ጠጉር ነው፤ የመንዝ በግ ግን ረጅም ጠጉር አለው፤ በእንዝርት ይፈተላል፣ ባና ይሠራበታል። ጋሼ አንገታቸውን አከክ አደረጉና «ለልጅ አንገት አይሆንም፣ ይኮሰኩሳል» አሉ። ባና ከጋቢ በላይ ይደረባል፤ ሹራብ ሥጋ ይነካል።

ስለዚህ ሰልቫጅ። መርካቶ ወርጄ ትልቅ የወንድ ሹራብ ፈለግኩ፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ «100% ሱፍ» የሚል ምልክት ያለበት። ምልክቱን ብቻ አላመንኩም። ከውስጥ ከስፌቱ ጫፍ አጭር ክር ቆርጬ ሻጩን ክብሪት ጠየቅኩት። በጥርጣሬ ነው ያየኝ። ሱፍ ሲቃጠል የጠጉር ሽታ ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሳለት ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይደቃል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። የኔው ሸተተ፤ ገዛሁት።

ከክሩ እኩል መታየት ያለበት ስፌቱ ነው። ሹራቡን ገልብጦ ጎኑን ማየት። በኦቨርሎክ የተሰፋ ከሆነ ጨርቁ ተቆርጦ ነው የተሰፋው ማለት ነው፤ ቢፈታ በየረድፉ የሚበጠስ ቁራጭ ክር ብቻ ነው የሚገኘው። ጠርዙ ሙሉ ሆኖ በሰንሰለት ስፌት ብቻ የተያያዘ ከሆነ ግን ሰንሰለቱን ሲስቡት ይለቃል፤ ከዚያ ፊቱ፣ ጀርባውና እጅጌው ለየብቻ ይፈታሉ። አንገቱ ጋ ይጀመራል፤ መጨረሻ የተሠራው ቀድሞ ነው የሚፈታው።

መፍታቱ ራሱ ደስ ይላል። ልጄ አንዱን ጫፍ ይዞ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ይሮጣል፤ ሹራቡ ጠርር እያለ ያንሳል። ሸማ ቢሆን ይህ አይሆንም። ሸማ ድርና ማግ ነው፤ ብዙ ክር እርስ በርሱ ተላልፎ ነው የሚያዘው። ሹራብ ከወገብ እስከ አንገት አንድ ክር ነው፤ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እያለፈ የቆመ። በማሽን ቢሠራም በእጅ ቢሠራም አሠራሩ ያው ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የመጀመሪያውን የካልሲ መሥሪያ ማሽን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው፤ ማሽኑ ያደረገው እጅ የሚያደርገውን ነው፣ ብቻ ረድፉን ባንዴ። ለዚህ ነው ፋብሪካ የሠራውን እኔ ቤቴ ፈትቼ እንደገና በእጄ ልሠራው የቻልኩት።

የተፈታ ክር እንደ ኢንስታንት ኑድል ነው የሚጠቀለለው። እንዲሁ ቢሠራበት ጨርቁ ይጎረብጣል። የወንበር መደገፊያ ላይ ጠመጠምኩት፤ አራት ቦታ በነጭ ክር አላልቼ አሰርኩት። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቄ በለብ ያለ ውሃና በትንሽ ሻምፖ ዘፈዘፍኩት። ሱፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከታሸ ይቋጠራል፤ ያን ጊዜ መፍታትም መሥራትም የለም። ሳላሽ፣ ሳልጠመዝዝ ጨመቅ አድርጌ በረንዳ ላይ ሰቀልኩት። ከሥሩ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ አንጠለጠልኩበት። ክብደቱ ነው ክሩን የሚያቃናው።

የነሐሴ አየር ግን ምንም አያደርቅም። ቤቱ የርጥብ በግ ሽታ ሸተተ። ባለቤቴ ጾም ላይ ነን ብሎ ቀለደ። ሲደርቅ ሱቅ ወስጄ በሚዛን አስለካሁት፤ ብጥስጣሹ ተጥሎ 520 ግራም ወጣው።

ነሐሴ፣ ከቡሄ በኋላ

ሆያ ሆዬ አልፏል። ልጆቹ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጨፍረው ሙልሙላቸውን በልተዋል። አሁን መለካት ነው።

ክሩ ነጠላውን ስስ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቀለልኩ። ከመርካቶ በገመድ የተያያዘ ክብ መርፌ ገዝቻለሁ፤ 4.5 ሚሊ ሜትር። በዚያ አንድ መዳፍ የሚያህል ናሙና ሠራሁ፣ አጥቤ አደረቅኩት፣ ከዚያ ማስመሪያ አስቀመጥኩበት። በ10 ሳንቲ ውስጥ 19 ቀለበት አግድም፣ 26 ረድፍ ቁመት።

ብዙ ሰው ናሙና ሥራ ያባክናል ይላል። እኔ ሹራብን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር። ናሙናው የእጅን ጥብቀት፣ የክሩን ውፍረት፣ የመርፌውን ቁጥር አንድ ላይ ጨፍልቆ ሁለት ቁጥር ያደርጋቸዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ካሉ የማንም ሰው የተጻፈ መመሪያ አያስፈልግም። ማንኛውም ልብስ ማባዛት ብቻ ይሆናል።

ማባዛቱን ያቀለለልኝ ደግሞ ኤሊዛቤት ዚመርማን የምትባል፣ እንግሊዝ ተወልዳ አሜሪካ የኖረች የሹራብ ባለሙያ ያስፋፋችው የመቶኛ ዘዴ ነው። የሰውነቱ ዙሪያ ቀለበት መቶ በመቶ ይባላል። የቀረው ሁሉ የሱ ክፋይ ነው። የእጅጌ ጫፍ 20 በመቶ፣ የእጅጌ ላይኛው 33 በመቶ ገደማ፣ ብብት ሥር 8 በመቶ፣ አንገት 40 በመቶ። የሰው አካል እርስ በርሱ የተመዛዘነ ስለሆነ ይሠራል። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ካልሲ ሻጭ ካልሲውን ጡጫችን ላይ ጠምጥሞ «ይሆንሃል» ሲል እግራችንን አላየም። የጡጫ ዙሪያ ከእግር ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ ነው።

የልጄ ደረት 62 ሳንቲ ነው። ከውስጥ ሸሚዝ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ ያድጋል፤ 10 ጨመርኩለት። 72 ሲባዛ በ1.9፣ ወደ 137 ይጠጋል። ለአራት እንዲካፈል 136 አልኩት። የእጅጌ ጫፍ 28፣ ላይኛው 44፣ ብብት 10፣ አንገት 56። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ አለቀ። ወረቀቱን ለጋሼ አሳየኋቸው። አነበቡት፣ መለሱልኝ። «ልጁን ለክተሻል?» አሉ። ደረቱን አልኩ። «ሌላውንስ?» ሌላው በመቶኛ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። የጋሼን ዝምታ አሁን አውቀዋለሁ፤ መስማማት አይደለም።

በ4 ሚሊ መርፌ በ124 ቀለበት የወገቡን ሽንትር ጀመርኩ፤ ሽንትሩ ከሰውነቱ በአሥር በመቶ ያነሰ ይሆናል። አምስት ሳንቲ ላይ ወደ 4.5 ቀየርኩና 12 ቀለበት ጨምሬ 136 አደረግኩት። ከዚያ ዝም ብሎ መዞር ነው። በክብ መርፌ ሲሠራ ግልብጥ አያስፈልግም፤ ሁሌ ፊቱን እያዩ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። ጎን ላይ ስፌት የለውም። ከወገብ እስከ ብብት 28 ሳንቲ። ይህ ክፍል ብዙ የሚጻፍ ነገር የለውም። መብራት ሲሄድም አልቆመም፤ ጥቁርም ቢሆን ጣቴ ቀለበቱን ያገኘዋል።

ጳጉሜን

ለእጅጌ ክቡ መርፌ አይሆንም፤ ዙሪያው ጠባብ ነው። ጋሼ አምስት የቀርከሃ መርፌ ጠረቡልኝ። ውፍረቱን እኩል ለማድረግ ካርቶን ላይ በ4.5 መርፌዬ ቀዳዳ በሳሁ። ቀዳዳው ውስጥ ሳይላላ፣ ሳይጠብቅ የሚያልፈው ቀርከሃ ልኩ ነው። ያላለፈው ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይመለሳል። አራቱ ቀለበቱን ይይዛሉ፣ በአምስተኛው ይሠራል።

በ28 ጀምሬ ከሽንትሩ በላይ በየሰባተኛው ዙር ሁለት ሁለት እየጨመርኩ 44 ደረስኩ። ሁለቱም እጅጌ አለቀ። ብብት ሥር የሚቀሩትን አሥር አሥር ቀለበቶች ከእጅጌውም ከሰውነቱም ቁራጭ ክር ላይ አሳረፍኳቸው። የቀረውን ሁሉ በአንድ ክብ መርፌ አገናኘሁት፤ ፊት 58፣ እጅጌ 34፣ ጀርባ 58፣ እጅጌ 34። 184። እስካሁን ሦስት ቱቦ የነበረው ነገር በአንድ ዙር ሹራብ መሰለ። ለባለቤቴ ላሳየው ሮጥኩ፤ ኳስ እያየ ነበር።

መጀመሪያ ሦስት ሳንቲ ያህል ሳይቀነስ ይሠራል። ከዚያ እጅጌው ከሰውነቱ በሚገናኝባቸው አራት ቦታዎች ግራና ቀኝ አንድ አንድ ይቀነሳል። በአንድ ዙር ስምንት ማለት ነው፤ አንዱን ዙር ቀንሶ አንዱን ማለፍ። በ16 ቅነሳ 184ቱ 56 ይሆናሉ። የመቶኛው አንገት።

በጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል፣ ዝናብ ጣለ። የብሎኩ ልጆች ሁሉ ልብሳቸውን አውልቀው ወጡ፤ የሩፋኤል ጠበል ነው። ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ። ልጄ ርጥብ ራሱን ይዞ ሲመጣ ያዙትና ክር ዙሪያውን ጠመጠሙ። ክሩን በሁለት እጃቸው ይዘው አሳዩኝ፣ ከዚያ መርፌው ላይ ካለው ሥራ ጋር አስተያዩት።

«የልጅ ራስ ትልቅ ነው፣ የአቡሽ እናት። በግም እንደዚያ ነው፤ ግልገሉ ራሱ ቀድሞ ያድጋል።»

ቤት ገብቼ አሰላሁት። 56 ቀለበት በዚህ ክር 29 ሳንቲ ተኩል ነው። የልጁ ራስ 52። ሽንትሩ እስከ መጨረሻው ቢለጠጥ እንኳን ጆሮው ላይ ይታነቃል። መቶኛው የተሠራው ለአዋቂ ነው። አዋቂ ሰው ደረቱ ከራሱ ብዙ ይሰፋል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ደረቱና ራሱ ያን ያህል አይራራቁም። ስለዚህ ለልጅ አንገቱ ከደረቱ ሳይሆን ከራሱ ነው መነሳት ያለበት። በ14 ቅነሳ አቆምኩ፤ 72 ቀለበት ቀረ፣ 38 ሳንቲ። ከመቶኛው ወጥቶ 53 በመቶ ሆነ። ለአራትም ይካፈላል፤ ሽንትሩ ላይ አያስቸግርም።

ወረቀቱ ላይ 40ን ሰርዤ «ለልጅ፦ ራሱን ለኪ» ብዬ ጻፍኩ። መቶኛውን አልጣልኩትም። ከቁጥሮቹ አንዱን ብቻ ነው ያረምኩት፤ ሌላው ሁሉ ልክ መጥቷል። ጋሼ ግን እስካሁን ወረቀቱን አያምኑም፣ እኔም በክር ብቻ አላምንም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ነው የሚያዋጣው።

መስከረም መጀመሪያ

አንገቱን መዝጋት፣ ማለትም የመጨረሻዎቹን ቀለበቶች እንዳይፈቱ ማሰር፣ ትልቅ ነገር አለው። እንደወትሮው ከተዘጋ 72 ቀለበት ቢኖርም ጠርዙ አይለጠጥም፤ ሥራው ሁሉ እዚያች የመጨረሻ ዙር ላይ ይታነቃል። በትልቅ መርፌ፣ አላልቶ መዝጋት ነው። ከመዝጋቴ በፊት ቀለበቶቹን ረጅም ክር ላይ አውጥቼ ልጁን አለካሁት። ገባ፣ ወጣ። ጆሮው ቀይ አልሆነም።

ብብት ሥር ያረፉት አሥር አሥር ቀለበቶች ፊት ለፊት ገጥመው በመርፌና በክር ይሰፋሉ፤ ክሩ የቀለበቱን መንገድ ተከትሎ ከተሄደ ስፌቱ አይታይም። ጫፉን በሞረድ ያደነዝኩት የጆንያ መስፊያ መርፌ ለዚህ ሆነ። ሹል መርፌ ክሩን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ ማጠብ። የሱፍ ሹራብ ሥራ የሚያልቀው ሲታጠብ ነው። በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ረገጥኩት፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ፎጣ አንጥፌ በልኩ እየጎተትኩ አስተኛሁት። ሽቦ ላይ አይሰቀልም፤ ውሃው ክብደት ስለሆነ ቁመቱን ይጎትተዋል። ሲደርቅ ቀለበቶቹ እኩል ሆነው ነበር። ከመታጠቡ በፊት እዚህም እዚያም ይታይ የነበረው ላላ ጠበቅ አብዛኛው ጠፋ። አክሪሊኩ ላይ ይህ አልሆነም ነበር፤ አክሪሊክ እንደተሠራ ነው የሚቀረው።

በመጨረሻ ሲለካ፦ ደረት 72፣ ቁመት ከትከሻ 44፣ ክብደት 320 ግራም። እጅጌው ከአንጓው አንድ ሳንቲ ተኩል ያልፋል፤ ሆን ተብሎ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ልኩ ይሆናል። ባያደርስ እንኳን ሽንትሩን ፈትቶ ማስረዘም ይቻላል፤ ክሩ አለ።

ልጄ የመጀመሪያ ቀን ለብሶት ሄደ። ማታ ሲመለስ «አይኮሰኩስም» አለ፣ ከዚያ ስለ ወንበር ተራው ማውራት ጀመረ። መምህርቷ ምንም አላለችም፤ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ቀለም ይመስላል፣ እሱ ይበቃል። ቤት ውስጥ ለሚያጥብ ሰው ሁሉ የልብስ ማጠቢያው በር ላይ ወረቀት ለጥፌአለሁ፦ «ሰማያዊው ሹራብ ሙቅ ውሃ አይነካውም። አይታሽም።» ባለቤቴ አንብቦ ፈርሟል።

መስከረም፣ ከመስቀል በፊት

200 ግራም ክር ተርፏል። ሌላ ሹራብ አይወጣውም፤ ካልሲ ግን ይወጣዋል፣ ያውም ለሁለት ሰው። ግብጽ ውስጥ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከል ካልሲዎች አሉ፤ ተረከዝ ማዞር እንግዲህ ብዙ መቶ ዓመት የተሞከረ ነገር ነው፣ እኔንም አያቅተኝ ይሆናል።

ጋሼ ተረከዙን ለማሳየት ተስማምተዋል፤ በሽቦዎቻቸው። ሱፉ ብቻውን ከሆነ ተረከዙ ከጫማ ጋር እየተፋተገ ቶሎ ይበሳሳል፤ ተረከዙ ላይ ብቻ ቀጭን የናይለን ክር ከሱፉ ጋር ደርቤ እንድሠራ ነግረውኛል። ቅዳሜ መርካቶ ስወርድ ጥቁር ናይለን አንድ ጥቅል እገዛለሁ፤ ለእሳቸውም አዲስ የብስክሌት ሽቦ፣ አንዱ ስለጎበጠ።